ያልበሉት ብርቱካን

የወይዘሮ ዴልፊን ኮቫሪክ ስታድለር የሕይወት ታሪክ
(1946 – 2023)

ወይዘሮ ዴልፊን ኮቫሪክ ስታድለር ከአባታቸው ከአቶ ኤመት ኮቫሪክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊያ ቤራኔክ፣ በሚሺጋን ግዛት በክሊንተን አውራጃ፣ በናና እርሻ መካከል በነበረው ቤታቸው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1946 ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ኦርቪል የተወለደው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የልጅነታቸውን ነገር የሚናገረው ከእናቱ በሰማው ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በዓይኑ አይቷል፤ በአንዳንዱም ራሱ ጥፋተኛ ነው፤ ቦታው ሲደርስ ይናገረዋል።

የሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የቀብር ፕሮግራም የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ልኮልን ነበር። ስምንት መስመር ነው። «ታማኝ፣ ትሑትና ፈገግታ የማይለያቸው የብርጭቆ አጣቢ» ይላል። እህታችን ታማኝ ነበሩ። ትሑት ግን አልነበሩም፤ ፈገግታቸውንም ለሚገባው ሰው እንጂ ላገኙት ሁሉ አይሰጡም ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገሉበት ቤት ስምንት መስመር ጽፎ በአንዱ መስመር ውስጥ ሁለት ጊዜ መሳሳቱ አናዶናል። ስለዚህ የእነሱን ወረቀት ትተን የራሳችንን ጻፍን።

አባታችን ናና ከማብቀላቸውም ሌላ ዘይቱን ራሳቸው ያወጡ ነበር። ኦገስት ላይ የታጨደው ናና በትልልቅ በርሜል ተጠቅጥቆ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ቆርቆሮ ጣሳ ይወርዳል፤ እዚያ ውኃው ከታች ይቀራል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ዴልፊን ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ ጣሳውን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ከጣሳው የበለጠ ግን አባታችን የሚተማመኑት በልጃቸው አፍንጫ ነበር። ከማጨዳቸው በፊት አንድ ቅጠል በጣታቸው አሽተው ያቀርቡላቸዋል።

«እስቲ በይ፣ ደርሷል?»

«ገና ነው አባባ። ብርቱካን ብርቱካን ይላል።»

ናና ሳይደርስ ሲታጨድ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ሽታው ወደ ብርቱካን ልጣጭ ያደላል፤ ሲበስል ነው ወደ ራሱ ጠባይ የሚመለሰው። ይህን በአውራጃችን የናና ገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአውራጃችን ውጭ የሚያውቀው ግን እምብዛም ነው። እባካችሁ ይህችን ነገር ያዙልን፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ወይዘሮ ዴልፊን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1964 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ኬሚስትሪ ለማጥናት ኮሌጅ ገቡ። በዓመቱ ናናውን የሚያጠወልገው የአፈር በሽታ እርሻችን ገባ። በሽታው አንዴ አፈሩን ከያዘ የሚለቅ አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሄክታር ናና ቢጫ ሆኖ አለቀ። አባታችን በቦታው ባቄላ ዘሩ፤ እስኪሞቱም ድረስ «ናና» የሚለውን ቃል በገበታ ላይ አላነሱም። ዴልፊን ትምህርታቸውን አቋርጠው ቤተሰቡን ለማገዝ ተመለሱ። ኬሚስትሪውን ያቋረጡት ስላቃታቸው ነው የሚል ሰው ካለ የዚያን ዓመት ውጤታቸው በእጃችን አለ፤ መጥቶ ይመልከት።

በ1969 ከአቶ ሜርል ስታድለር ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ሜርል የስኳር ድንች ሳይሆን ስኳር የሚመረትበትን የስኳር ቀይ ሥር የሚያመላልስ ከባድ መኪና አሽከርካሪ ነበሩ፤ ሁለቱን ለሚያምታታ ሰው ትዕግሥት አልነበራቸውም። በ1972 አንድ ልጃቸውን ጃኔልን ወለዱ። በ1976 ወይዘሮ ዴልፊን በዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ብርጭቆ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ በ1989 ደግሞ ወደ ፕሮፌሰር ሃርላን ፔቲግሩ ላቦራቶሪ ተዛወሩ።

የሥራ መደባቸው እስከ መጨረሻው «ብርጭቆ አጣቢ» ነበር። ሥራቸው ግን ሌላ ነበር። በዚያ ላቦራቶሪ የሚያድጉት በውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ እንደ ተክል ምግባቸውን ከፀሐይ ብርሃን የሚሠሩ ደቃቃ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱን ለብቻው ዓይን አያየውም፤ ተሰብስበው ጠርሙስ ሲሞሉ ግን ውኃውን አረንጓዴ ያደርጉታል። በየሦስት ሳምንቱ ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር፣ መብራታቸውን መጠበቅ፣ ሌላ ነገር እንዳይገባባቸው መከላከል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ወይዘሮ ዴልፊን ነበሩ። ጎመን ሲመስሉ ደህና ናቸው፣ ወደ ሰናፍጭ ሲያደሉ ተርበዋል ይሉ ነበር። ዶክትሬት የሚማሩት ልጆች ጠርሙሳቸው ሲገረጣባቸው የሚሮጡት ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሳይሆን ወደ ማጠቢያው ክፍል ነበር።

«ወይዘሮ ዴልፊን፣ ሊሞቱብኝ ነው!»

«ምን አደረግሃቸው?»

«ኧረ ምንም አላደረግሁም!»

«እሱ ነዋ! ሳምንት ሙሉ ምንም ስላላደረግህ ነው።»

በ2001 ላቦራቶሪው አዲስ ሥራ ጀመረ። ናና መዓዛውን የሚሠራበትን ዘረ መል፣ ማለትም መመሪያውን፣ ከናና አውጥቶ በእነዚህ ባክቴሪያዎች ውስጥ ማስገባት፤ ከዚያም ተክሉ የሚሠራውን ዘይት በፀሐይ ብርሃንና በውኃ ብቻ እንዲሠሩት ማድረግ ነበር። ወይዘሮ ዴልፊን ያን እሑድ እኛ ቤት ለምሳ ሲመጡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነበር ማውራት የጀመሩት።

«ኦርቪል፣ ናና ያለ አፈር! አስበው እስቲ፤ አፈር ከሌለ በሽታው የት አግኝቶ ያጠወልገዋል?»

አባታችን ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበር። ይሁን እንጂ ያን ቃል በዚያ ገበታ ላይ ስንሰማ ሁላችንም ቀና ብለን አየናቸው። ወንድማቸው እህቱን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ያያቸው በሠርጋቸው ቀን ብቻ ነው።

ሥራው ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ውጤት አልሰጠም። በየሳምንቱ ከየጠርሙሱ ውኃ እየተቀዳ ይመረመራል፤ ዘይት የለም። ዘረ መሉ ገብቷል፣ ባክቴሪያዎቹም ደህና ናቸው፣ ውኃው ግን ባዶ ነው። ደግመው ቀዱ፣ ደግመው መረመሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ቀላል ነው፤ እንደተሠራ በጠርሙሱ አፍ በኩል ተንኖ ይሄዳል። እነሱ ውኃው ውስጥ ሲፈልጉ ዘይቱ አጠገባቸው ባለው አየር ውስጥ ነበር፤ ዲግሪ የቆጠሩት ሁሉ በየቀኑ እየተነፈሱት ይወጡ ይገቡ ነበር።

ፌብሯሪ 9 ቀን 2004፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ዴልፊን የባክቴሪያ ማሳደጊያውን ክፍል ከፈቱ። ክፍሉ ከዓርብ ጀምሮ ተዘግቶ የሰነበተ ነው። ሽታው በሩ ላይ ተቀበላቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው ያወቁት ሽታ ነው፤ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። እያንዳንዱን ጠርሙስ አንድ በአንድ አሸተቱ። ስድስተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ፕሮፌሰር ፔቲግሩም ያን ጊዜ ገቡ፤ ሽታው እሳቸውንም አላመለጣቸውም። ሰውየው ዘይቱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተኩል ሲለፉ የኖሩ ናቸው። አሁን አፍንጫቸው ሥር መጣላቸው። ምን ያደረጉ ይመስላችኋል?

«ዴልፊን፣ እዚህ ውስጥ ብርቱካን በልተሻል?»

«አልበላሁም ፕሮፌሰር። ሽታው የሚመጣው ከዚህ ከስድስተኛው...»

«ኧረ ተይ እንጂ! እኔም እኮ አፍንጫ አለኝ።»

«አለዎት። ናና ግን አያውቅም።»

እህታችን ይህችን የመጨረሻዋን ባይናገሩ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ እንኳን ተናገሩ እንላለን።

በላቦራቶሪ ውስጥ ምግብ መብላት ክልክል መሆኑን ወይዘሮ ዴልፊን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሠሩ አንዲት ብስኩት እንኳ ይዘው አልገቡም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ «በባክቴሪያ ማሳደጊያ ክፍል ውስጥ ብርቱካን በመብላትና ሲጠየቁም በመካድ» ይላል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ያሰናብታል። በማግስቱም በሩ ላይ «ብርቱካን ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ማስታወቂያው በሩ ላይ አራት ወር ተሰቀለ፤ ሽታውም ከበሩ ኋላ አራት ወር ቀጠለ። ይባስ ብሎ የሠራተኞች የምሳ ሳጥን በየጠዋቱ እንዲፈተሽ ታዘዘ። ብርቱካን የሌለበት ክፍል ብርቱካን ሲሸት፣ ከእነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች መካከል አንድ እንኳ «ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሌባ ሲፈልጉ ዕቃውን ረሱት።

ወይዘሮ ዴልፊን ዘይቱ የሚያዝበትን መላ ግን ለሚሰማ ሁሉ ከመናገር አላረፉም ነበር። በጠርሙሱ ውኃ ላይ ሽታ የሌለው ዘይት በስሱ ቢፈስስበት፣ የሚተነውን ከማምለጡ በፊት ይይዘዋል፤ በአባታቸው ጣሳ ላይ የናናው ዘይት ከውኃው ላይ ተንሳፍፎ እንደሚቀር ማለት ነው። በጁን ወር ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን ሞከረው። በሦስተኛው ቀን ያ ስስ ዘይት ሲመረመር የሚፈልጉትን ሁሉ ይዞ ተገኘ። በ2005 ጥናቱ ታተመ፣ በ2007 ፕሮፌሰሩ ተሸለሙ። በጥናቱ መጨረሻ፣ በትንንሹ ፊደል፣ «ወይዘሮ ዲ. ስታድለርን ብርጭቆ ስላጠቡልን እናመሰግናለን» ይላል። ጥናቱም የመጀመሪያው ውጤት የታየው በጁን 2004 ነው ይላል። ውሸት ነው። በዚህ በቅዱስ ቦታ ቆመን ውሸት ነው እንላለን።

አሁን የወንድማቸው ጥፋት ደረሰ። ማስጠንቀቂያው በተጻፈ በሳምንቱ እሑድ ወይዘሮ ዴልፊን ወረቀቱን ይዘው ወደ ኦርቪል መጡ። ለሠራተኛው የሚሰጠው ሮዝ ቅጂ ነው፤ ዋናው ፋይላቸው ውስጥ ይቀራል።

«አንብበው። ገልብጠህም አንብበው» አሉት።

ኦርቪል የፊቱን ገጽ አነበበ፤ አፈረም፤ አጥፎ መለሰላቸው። ያን ጊዜ አቶ ሜርል ከመኪና ላይ ወድቀው ጀርባቸው ከተጎዳ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪማቸውም መድኃኒታቸውም የሚሸፈነው በሚስታቸው የሥራ ኢንሹራንስ ነበር። ስለዚህ ኦርቪል የመሰለውን መከረ።

«እቴ፣ ተይው ይለፍ። ሜርልን አስቢ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እውነት ነው» አሉ እህቱ ወረቀቱን ወደ ቦርሳቸው እየመለሱ። «ቃልም አይወጣበትም።»

ከዚያ በኋላ ያን ወረቀት ለማንም አላሳዩም። አንድ ጊዜ ዘርግተውት የታጠፈባቸውን ነገር ሁለተኛ የሚዘረጉ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸው ገልብጦ ሳያይ መመለሱ ምን ማለት እንደነበረ ያወቀው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ወይዘሮ ዴልፊን በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይላቸው እንዲነሳ ያመለክቱ ነበር። ሰባት ጊዜ አመለከቱ፣ ሰባት ጊዜ «የቀረበ አዲስ ማስረጃ የለም» ተባሉ። ስሜ ከጥናቱ ላይ ይግባ፣ ሽልማቱን አካፍሉኝ ብለው አንድ ቀን አልጠየቁም። «ሽልማቱን ይብሉት፤ እኔ ግን ብርቱካኑን አልበላሁም» ነበር የሚሉት። ከዚያች ሰኞ ጀምሮም ብርቱካን በአፋቸው አልዞረም። በቤታችን ልማድ ገና ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው ለስጦታ በሚሰቀለው ትልቅ ካልሲ ጫፍ አንድ ብርቱካን ይገባለታል፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን አይቀርበትም። እሳቸው የራሳቸውን አውጥተው ኦርቪል ሳህን ላይ ያስቀምጡለት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ገና አስቀመጡለት። ኦርቪልም በላው፤ ብርቱካኑ ለምን ለእሱ እንደሚመጣ ሳይገባው፣ አሥራ ዘጠኙንም በላ።

በ2011 ጡረታ ወጡ። በ2014 አቶ ሜርል አረፉ። ከዚያ ወዲህ አፋቸውን የሚይዝ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ጠያቂም አልነበረም። አረንጓዴዎቹ ባክቴሪያዎች፣ እሳቸው በስድስተኛው ጠርሙስ ያገኟቸው፣ ዛሬ በብዙ አገር ላቦራቶሪዎች ይራባሉ። ከእነሱ ብዙ ሌላ ነገር ተሠርቷል ሲባል ጋዜጣ ላይ እናነባለን፤ ከአበባ ይወጣ የነበረ ሽቶ፣ ከዛፍ ልጣጭ ይቀመም የነበረ መድኃኒት። ደስ ይለናል። ሰው ሲጠቀም የሚከፋን ሰዎች አይደለንም።

ወይዘሮ ዴልፊን በኦክቶበር 2022 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናውን በቤታቸው መከታተል መረጡ። በፌብሯሪ አጋማሽ ፕሮፌሰር ፔቲግሩ ሊጠይቋቸው መጡ። መምጣታቸውን አንነቅፍም፤ የታመመ መጠየቅ ጥሩ ነው። የፍራፍሬ ቅርጫት ይዘው ነበር። ከላይ የተደረደረው ስድስት ትልልቅ ብርቱካን ነው።

እህታችን ቅርጫቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር። ብርቱካን ግን አልበላም።»

«ውይ! ሆድሽን ያምሻል እንዴ?»

ኦርቪል በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰውየው እየቀለዱ ይሆናል ብሎ ፊታቸውን አየ። አልቀለዱም። ረስተውታል። ሃያ ስምንት ዓመት ንጹሕ በሆነ ስም ላይ የጻፉትን፣ ሰባት ማመልከቻ የመለሱበትን፣ አንዲትን ሴት በየገናው ብርቱካን ያስገፋውን ነገር ጭራሽ አላስታወሱትም። ኦርቪል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እህቱ በዓይናቸው ከለከሉት።

«አዎ፣ ያመኛል» አሉ። «ከጀመረኝ ቆይቷል።»

ፕሮፌሰሩ ከሄዱ በኋላ ወንድማቸውን ወደ አልጋው ጠሩት።

«ኦርቪል፣ ስሞት ጥሩ ሰው ነበረች ብለህ እንዳትጽፍብኝ። የሠራሁትን ጻፍ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ገልብጥና አንብብ ብዬህ ነበር እኮ።»

ወይዘሮ ዴልፊን ኮቫሪክ ስታድለር በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ማርች 3 ቀን 2023፣ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በማግስቱ ልጃቸው ጃኔል፣ ከመደርደሪያ ላይ የአባታችንን የናና ጣሳ ስታወርድ ሮዙን ወረቀት ውስጡ አገኘችው። በስተጀርባው «የሠራተኛው መልስ» የሚል ሣጥን አለ። በእህታችን የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎበታል፦

«ብርቱካን አልበላሁም። ሽታው የሚወጣው ከስድስተኛው ጠርሙስ ነው። ያልደረሰ ናና ሽታ ነው፤ የምትፈልጉት ዘይት እሱ ነው። ውኃው ውስጥ አትፈልጉት፣ እየተነነ ነው። ከላዩ ስስ ዘይት አፍስሱበት፣ ይይዘዋል። ዴልፊን ስታድለር፣ ፌብሯሪ 9 ቀን 2004።»

ከሥሩ «የሠራተኛውን መልስ አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል የታተመ መስመር አለ። ከመስመሩ ላይ ፊርማ አለ፤ የፕሮፌሰር ሃርላን ፔቲግሩ ነው፤ ቀኑም ያው ቀን ነው። «የቀረበ አዲስ ማስረጃ የለም» የተባለው እውነት ነበር። ማስረጃው አዲስ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእህታችን ፋይል ውስጥ፣ ከፕሮፌሰሩ ከራሳቸው ፊርማ በላይ ተቀምጦ ነበር።

ያ ወረቀት በያዛችሁት ፕሮግራም የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለቱም ፊቱ ታትሟል። ፕሮፌሰር ፔቲግሩ ዛሬ ከእኛ ጋር አሉ። ስለመጡ እናመሰግናለን። እንደ ሁላችን እሳቸውም ገልብጠው እንዲያነቡ፣ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥም ሐሰት ካገኙ እዚሁ ተነሥተው እንዲያርሙን በአክብሮት እንጠይቃለን። ወንድማቸው ኦርቪልም ያን ወረቀት በ2004 አንድ ጊዜ ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ለአስከሬን ሳይሆን ለሕያው ሰው ባነበበው ነበር። ይቅርታውን አሁን ይጠይቃል፤ መልስ ግን አይጠብቅም።

ወይዘሮ ዴልፊን የአንዲት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያትና የአንድ ወንድም ታላቅ እህት ነበሩ። እውነትን ሳይመረምር የማይፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር፤ ስማቸውንም እኛ መመለስ ባቃተን ቦታ እሱ ይመልስ። እኛን በሕይወት ያለነውን ደግሞ የተሰጠንን ወረቀት እስከ ጀርባው የምናነብበት ልብ ይስጠን።

ከቀብር ሥነ ሥርዓቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ተዘጋጅቷል። የሰበካው ሴቶች እንደ ልማዳቸው በአይብ የተጋገረ ድንችና የአሳማ ሥጋ አቅርበዋል። በመካከለኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳጥን ብርቱካን አለ፤ ማንም ሳይጠየቅ፣ የፈለገውን ያህል ልጦ ይብላ።